የይሻው እግር የተሰበረበት ቀን

ደብረ ታቦር ኢየሱስ ምስክር ነው፤ ከዚህ በታች ባለው ነገር ላይ አንዲት ቅንጣት አልተጨመረችም። እንዲያውም ሰው አያምንም ተብሎ ብዙ ተቀንሶለታል። ሐሙስ ዕለት ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ከአንበሳሜ በላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሰማንያ ኩንታል ስንዴ የጫነ አይሱዙ ተገለበጠ። ሰማንያውም ኩንታል አንድ ሳይቀር የይሻው ግራ ቅልጥም ላይ አረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በወንፊት ይለቀም ነበር። ይሻው ግን የአያሌው እህት ባል ስለሆነ፣ ቅልጥሙ ተሰብሮ የአጥንቱ ጫፍ ቆዳውን በስቶ ብቅ ከማለቱ በቀር የከፋ ነገር አልደረሰበትም። አያሌው ወሬውን የሰማው ፊቱን ሳይታጠብ ነው፤ ሳይታጠብም ሄደ። መኪና አስቁሞ፣ ሾፌሩን ግማሹን በቁጣ ግማሹን በልመና አሳምኖ፣ ሰውየውን በጋቢ ጠቅልሎ ከሆስፒታሉ በር ሲያወርደው ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ተኩል ነበር። ይህንኑ ታሪክ በዚያ ቀን ለበሩ ጥበቃ፣ ለካርድ ክፍሏ ልጅ፣ ለራጅ አንሺውና አግዳሚ ወንበር ለተጋራችው ሴትዮ ነግሯል። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። የኩንታሉ ቁጥር ብቻ እየወፈረ ሄዶ፣ ካርድ ክፍል ሰማንያ የነበረው ራጅ ክፍል ሲደርስ መቶ ሃያ ሆነ።

አያሌው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። መናኸሪያው አጠገብ የላስቲክ ጫማና ባልዲ ይሸጣል፤ ሰው የሚያውቀው ግን በባልዲው ሳይሆን በእጁ ነው። ወጌሻ ነው። የወለቀ ትከሻ ይመልሳል፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ያሻል፣ የተሰበረ ክንድ በሸንበቆ ያስራል። በእሱ ቆጠራ ከይፋግ እስከ ጉና ጫፍ ሦስት ሺህ አራት መቶ አጥንት ገጥሟል፤ የአንድ ኮሎኔል ክርን፣ የሁለት ቄስ ጉልበትና የአንዲት በቅሎ ዳሌ ሳይቀር። የተበላሸበት የለም። ተበላሸብኝ የሚል ሰው ካለ፣ አትንቀሳቀስ ሲሉት የተንቀሳቀሰ ሰው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሁሉ ማንም ሳይጠይቀው ይናገር ነበር። ዛሬ ግን የካርድ ክፍሏ ልጅ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ስትለው «ነጋዴ» ብሎ ዝም አለ። አያሌው ባንድ ቃል መልስ ሰጥቶ ዝም ሲል ያየ የሰፈሩ ሰው ቢኖር፣ ያኔውኑ ደንግጦ ምን ሆንክ ይለው ነበር።

የድንገተኛ ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። በዚያ ጠዋት አያሌው የቆጠረው በሽተኛ ግን ከስልሳ አያንስም፤ አስታማሚው ሲጨመርበት የቅዳሜ ገበያ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ተቀብቷል። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። የታኅሣሥ ብርድ ከሲሚንቶው ወለል ተነሥቶ በጫማ ሶል ውስጥ ይገባል። ይሻው በሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ግንባሩ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሚስቱ ፈንታነሽ ከእግሩ በኩል ቆማለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ስባዋለች። ከአንበሳሜ ጀምሮ ይሄን ሁሉ መንገድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ብቻ ባሏን ደግፋ «እግዚኦ» ብላለች። አያሌው የእህቱን ዝምታ አይወደውም። ከልጅነቷ ጀምሮ ፈንታነሽ ዝም ስትል አንድ ነገር ስትመዝን ነው።

ሐኪሙ ዶክተር ዓለምነው ገና ወጣት ነው፤ ግን ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት የሽማግሌ ነው። በሽተኛውን ሰላም ብሎ ጋቢውን ከእግሩ ላይ ገለጠው። ያን ጊዜ ከአጠገባቸው ያለ አስታማሚ ፊቱን አዞረ። ሐኪሙ አላዞረም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጋቸው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር የደም ስሩን ፈለገ፣ እንደገና ፈለገ። ከዚያ ከጉልበት በታች ቆዳው ውስጥ የሰረጎዱትን አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች አየ።

«ይሄ መቼ ነው የሆነው?»

«ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ዶክተር። አይሱዙ መቶ ኩንታል…»

«አይሱዙውንስ ሰምቻለሁ። እነዚህ መስመሮች ምንድን ናቸው? ሰው አስሮት ነበር?»

«የጆንያ ስፌት ነዋ!» አለ አያሌው። «ያን ያህል ጆንያ ቢያርፍብዎ እርስዎም ይሰመርብዎ ነበር።»

ሐኪሙ አልሳቀም። «ቀለሙ የዛሬ አይመስለኝም።»

«የጉናን ውርጭ አያውቁትም እንዴ? እኛ አገር እኮ ሰው ቆሞ ሳለ ይጠቁራል።»

ዶክተር ዓለምነው ጓንቱን አወለቀና የአልጋውን ብረት ተደገፈ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛ በሽተኛው ነው። «ይስሙኝ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ ሴትየዋም እንድትሰማ። «ስብራቱ አንድ ቀን ያልሞላው ከሆነ አጥበዋለሁ፣ አጥንቱ ውስጥ ብረት አስገባለሁ፣ ቁስሉን ሰፍቼ እዘጋዋለሁ። በጥቂት ወር ይራመዳል። የቆየ ከሆነ ግን ሰፍቼ ብዘጋው መግሉ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ደሙ ውስጥ ይገባል። ያኔ እግሩን ብቻ አይደለም የምናጣው፤ ሰውየውን ነው። የቆየ ቁስል ክፍት ተትቶ ተደጋግሞ ነው የሚታጠበው። እግሩ ከሞተ ደግሞ እቆርጠዋለሁ። ስለዚህ ሰዓቱን በትክክል ይንገሩኝ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር አያሌው ጆሮ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ እቆርጠዋለሁ። ሌላው ሁሉ እንደ ዝናብ በላዩ ላይ ወርዶ አለፈ። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ ገና አርባ ሦስት ዓመቱ የሆነ ገበሬ በአንድ እግሩ ከሞፈር ኋላ ሲንፏቀቅ ታየው። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ «ይሄ የወጌሻው የአያሌው አማች አይደለም?» ሲል ሰማው። እህቱ የሰው እርሻ ላይ ስታርም ታየችው። «ሊነጋጋ ሲል» አለ፣ ድምፁ ከጠዋቱ ይልቅ ትንሽ ሰልሎ። «በዚህች እጄ ነው ያነሣሁት።» ሐኪሙ ፈንታነሽን አያት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ሐኪሙ ራጅ አዝዞ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

«ጋሼ» አለ ይሻው፣ ሐኪሙ ሲርቅ።

«አቤት ይሻው፣ አለሁልህ።»

«ጣቶቼን ይዩልኝ እስቲ። አሉ ወይ? አይሰሙኝም።»

አያሌው ጎንበስ አለ። ጣቶቹ የወይን ጠጅ መልክ ይዘዋል፤ የትልቁ ጥፍር ሥር ጠቁሯል። «አምስት አልነበሩም እንዴ?» አለ። «አሁን ስድስት ሆነዋል። ይሄ ሆስፒታል ጉድ ነው!» ይሻው በተሰነጣጠቀ ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ፈንታነሽ ጋቢውን ከወንድሟ እጅ ወሰደችና የባሏን እግር መልሳ ሸፈነች።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሲስተር ሰልማ መጣች፤ ታብሌት ይዛ፣ ነጭ ጋዋኗ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ጣል አድርጋ። የጨርቅ ነጋዴው የሙስጠፋ ልጅ ናት። አያሌው ባያት ጊዜ ፊቱ በራ፤ «ያባትሽን ትከሻ እኮ እኔ…» ብሎ ጀመረና ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች ዋጠው። «…አውቀዋለሁ። ሰላም ነው?» አለ። ሰልማ የምትሠራው ለጥናት ነው። ጥናቱ አጥንታቸው ተሰብሮ ቆዳቸው የተቀደደ ሰዎችን የሚመለከት ነው፤ ከአደጋው እስከ ሆስፒታሉ ስንት ሰዓት ፈጀባቸው፣ መጀመሪያ የነካቸው ማን ነው፣ ቁስሉ በምን ታጠበ፣ ከዓመት በኋላስ እየሄዱ ነው ወይስ ተቀምጠዋል። አንድ ቀን ሳይሞላቸው የደረሱት እዚሁ ብረት ይገባላቸዋል፤ ዓመት ሙሉም እየተጠሩ ይታያሉ። የቆዩት ደግሞ ሌላ መዝገብ ላይ ይጻፋሉ፤ ሕክምናቸውም ሌላ ነው። «እዚህ የምትነግሩኝ ነገር» አለች ሰልማ፣ «ዛሬ ለእሳቸው፣ ነገ ደግሞ ከዚህ አልጋ ላይ ለሚተኛው ሰው ነው። ማንንም ልንከስበት አይደለም። የታካሚም የአስታማሚም ስም ከመልሱ ጋር አይወጣም።»

አያሌው መልስ ሰጠ። ከሁሉም መልሶች የተሟላ መልስ ነበር። ሰልማ ሰዓቱን ስትጠይቅ ዶሮ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ጨመረላት። ርቀቱን ስትጠይቅ የመታጠፊያዎቹን ብዛት ነገራት፤ መቶ አርባ ሰባት። «ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት የነካው ሰው አለ? ያሸው፣ ያሰረው?» ስትል፣ «ከእግዚአብሔር በቀር ማንም» አለ። ይሻውን ልትጠይቅ ጎንበስ አለች፤ እሱ ግን በትኩሳቱ ውስጥ ከበሬዎቹ ጋር ነበር፤ «ዞር በል፣ ዞር በል አንተ» ይላል። ሰልማ ቀና ብላ አያሌውን አየችው። «ከሾፌሩ ጋር እየተጣላ ነው» አለ አያሌው። ሰልማ የሆነ ነገር ጽፋ ሄደች። እሱም ግንባሩን ጠረገ። ውሸት እንዲህ እንደሚያደክም እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር። በሌላ ቀን ሲያጋንን እንደ ጨዋታ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ያልቃል። የዛሬው ግን ወረፋ ይዞ እየተከተለው ነው፤ ከክፍል ክፍል፣ ከወንበር ወንበር፣ በየበሩ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሥቶ ይነገራል።

ራጁ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመሀሉ አያሌው ፋሻና ጓንት ግዛ ተብሎ ከበሩ ውጭ ካለው መድኃኒት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ እሱ አሥራ ሦስት ይለዋል። ሦስተኛው ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ «ወጌሻው! እሰይ፣ እርስዎም ታመሙ እንዴ?» የሚል ድምፅ አስቆመው። ማሩ ነው፤ ገበሬ፣ ደግ ሰው። አምና ክንዱን ያሰረለት አያሌው ነው። ክንዱ ገጥሟል፣ ግን ወደ ውጭ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነው የገጠመው። «ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ እኮ» አለ ማሩ ያለ አንዳች ቂም፣ የጎበጠውን ክንድ እንደ ዕቃ እያሳየ። «እንደገና ሰብረው ሊያቀኑት ነው። አይዞኝ ብለውኛል። እርስዎም ጊዜው ስለሌለዎት ነው እንጂ…» አያሌው ዘወር ብሎ አየ፤ ሰልማ ከኮሪደሩ ማዶ ከአንዲት ነርስ ጋር ታወራለች። «ቀስ በል እባክህ፣ ሰው ተኝቷል» አለና የማሩን ደህናውን እጅ ጨብጦ፣ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ሄደ። የሰው ምስጋና እንዲህ የሚከብድ መሆኑንም ያን ቀን ነው ያወቀው።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ይሻው ጉሉኮስ ተተክሎለት ደንዘዝ ሲል፣ ወንድምና እህት ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ብርሃን አላት እንጂ ሙቀት የላትም። አያሌው ሁለት ሻይና ሁለት ዳቦ ገዛ። ሻዩ አሥራ አምስት ብር ሆኗል፤ ዳቦው ደግሞ ከብርጭቆው አፍ ያነሰ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ስለዚህ ዳቦ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይናገር ነበር። ፈንታነሽ ጾም ነኝ አላለችም፣ አልፈልግም አላለችም፤ ዳቦውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፤ ሻዩ ከእጇ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ያዘችው። እጇ ሻካራ ነው፤ ጣቶቿ ላይ አዲስ የተላጠ ቆዳ አለ፣ ጠንካራ ቋጠሮ ያለ ቢላ በጥፍር የፈታ ሰው እጅ ይመስላል። አያሌው ያንን አይቶ ፊቱን ወደ ጉና አዞረ። ማዶ ተራራው ደመና ለብሷል። ከበር በኩል የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። አንድ ሰው በስልክ «ደም ስጥ ነው የሚሉኝ፣ ደም!» እያለ ይጮኻል።

«ይሸታል» አለች ፈንታነሽ በመጨረሻ።

«የስንዴ አቧራ ነው።»

ፈንታነሽ ስንዴ አጭዳ፣ ወቅታ፣ አበጥራ የኖረች ሴት ናት።

«ብረቱ ከገባ እኮ በቃ» አለ አያሌው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ። «የዛሬ ብረት እንደ ድሮው አይደለም፤ መኪና ይጎትታል። ለፋሲካ ራሱ በግ እየጎተተ ይመጣልሻል። ሰማሽ ፈንቴ? ግን አንድ ነገር እንዳትናገሪ። ሐኪሙን ሰምተሽዋል፤ የቆየ ነው ካልን ይቆረጣል። እኔ ለማን ብዬ ነው? ለእኔ ነው? ያንቺን ቤት ብዬ አይደለም?»

«ከዘጋሁት ሰውየውን ይወስደዋል ብለዋል» አለች።

«ሐኪም ማስፈራራት ልማዱ ነው።»

ፈንታነሽ ሻዩን መሬት ላይ ደፋችው፤ በንዴት አይደለም፣ ብርጭቆውን ለመመለስ ነው። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። አያሌው ብቻውን ቀረ። ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። ሦስት ሺህ አራት መቶ የሚላቸው አጥንቶች ምናልባት ሦስት መቶ፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሱ እንደሆኑ ለራሱ እንኳ ነግሮት አያውቅም። አሁንም አልነገረውም። ዝም ብሎ በጣም ደከመው፤ እንደ ተሸከመ ሰው ወገቡን ያዘና ቀስ ብሎ ተነሣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሻውን በባለጎማው አልጋ እየገፉ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ አደረሱት። በሩ ሲከፈት ውስጡ ብርሃን ብቻ ይታያል። ዶክተር ዓለምነው አረንጓዴ ቆብ አድርጎ፣ የራጁን ፊልም ወደ መብራቱ አንሥቶ፣ «ሰልማ፣ ቅጹ አለቀ? ከአንድ ቀን በታች ከተባለ ብረቱን አዘጋጃለሁ» አለ። ሰልማ «አንድ ጥያቄ ይቀረኛል ዶክተር፣ አምስት ደቂቃ» አለችና ወደ ፈንታነሽ መጣች። የጥናቱ ደንብ ነው። ሰዓቱንና መጀመሪያ የነካውን ሰው በተመለከተ አንድ አስታማሚ ብቻ አይጠየቅም፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይጠየቃሉ። ሁለተኛው መልስ ካልገባ ታብሌቱ አልፎ አይሄድም።

«እሷን ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?» አለ አያሌው መሀላቸው ገብቶ። «የገጠር ሴት ናት፣ ሰዓት አታውቅም። ሰዓት ያለኝ እኔ ነኝ!» የእጅ ሰዓቱን አሳየ። ሰዓቱ ከመስከረም ጀምሮ ቆሟል፤ ግን ያን ማንም ቀርቦ አላየውም።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን።»

«እኔ ወንድሟ ነኝ እኮ፣ ሲስተር፤ ያባትሽ ወዳጅ…»

«አውቃለሁ ጋሼ። ለዚህ አይደለም፤ ለሁሉም እንዲህ ነው የምናደርገው።»

አያሌው ሃምሳ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ ሌላ ሰው ቢለካው ሦስት ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ግድግዳው ላይ እጅ ስለ መታጠብ የተለጠፈውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ አንድ ቃል ግን አልገባውም። ባለጎማው አልጋ ላይ ይሻው «ዞር በል» አለ፤ ይህን ጊዜ በጣም ቀስ ብሎ፣ በሬው ራሱ የማይሰማው ያህል።

«እትዬ ፈንታነሽ» አለች ሰልማ፣ «እርስዎ የሚሉትን ብቻ ነው የምጽፈው። ባለቤትዎ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተሰበሩት? በግምትም ቢሆን።»

ፈንታነሽ ሰልማን አላየችም፤ ወንድሟንም አላየችም። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። የተከፈተውን በር፣ ውስጥ ያለውን ብርሃን፣ ከአልጋው ጫፍ የወጣውን የባሏን ጥቁር ጣት አየች። ሰልማ አላጣደፈቻትም።

«ሰዓት አላውቅም» አለች ፈንታነሽ፤ ድምፅዋ እንደ ሰላምታ ለስላሳ ነበር። «ቀኑን ግን አውቃለሁ። ሰኞ ነው።»

የሰልማ ጣት ታብሌቱ ላይ ቆመ።

«መኪና የለም። በሬው ገፍቶት ከእርከን ላይ ነው የወደቀ። ጋሼ ተጠርተው መጡ፤ በሸንበቆ አጥብቀው አሰሩትና እንዳትፈቱት አሉን። ማክሰኞ ጣቱ ጠቆረ፤ ደወልንላቸው፣ አትንኩት አሉ። ትናንት መሽተት ጀመረ። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል የፈታሁት እኔ ነኝ። ጋሼን አትቆጧቸው፤ ክፉ አስበው አይደለም። ሐኪሙን ግን አሁን ጥሪልኝ፤ እንዳይዘጉት ንገሪልኝ። እግሩ ከሞተም ይቁረጡት። እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው።»